«ውሻ ያዙልን!»

ስለ ውሻ ባለቤት ኀላፊነትና ስለ ሕፃናት ደኅንነት በሬዲዮ የተደረገ ንግግር

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል፤ ይኸውም ስለ ውሻ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከተከመረው መዝገብ ጋር ሲመዛዘን፣ አንድ የሥራ ሰው «ስለ ውሻ ደግሞ ምን የሚነገር ነገር አለ?» ብሎ ሬዲዮኑን ለመዝጋት ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጉዳዩ አነስተኛ የሚመስለው ውሻው የሌላ ሰው፣ የተነከሰውም ልጅ የሌላ ሰው እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው። ማለዳ ደብተሩን ይዞ የወጣ ልጅ ካጥር ባመለጠ ውሻ የተዘነጠለ እንደ ሆነ፣ ወይም በጨዋታ መካከል ያገኘችው ትንሽ የጥርስ ጭረት ከሁለት ወር በኋላ ሕይወቱን የወሰደች እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ በቤቱም በሠፈሩም ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አይገኝም።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሉ ይተርታሉ። ተረቱ የተነገረው ስለ ውሻ ቢሆንም የሚወቅሰው ሰውን ነው። ልጅ ከተጎዳ በኋላ የሚደረገው ስብሰባ፣ የጎረቤት ጠብ፣ ውሻውን በዱላና በድንጋይ ማሳደድ፣ ሁሉም ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚሰማ ጩኸት ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ነገሩን ከመሠረቱ ይዘን፣ ውሻና ሰው በአገራችን እንዴት አብረው እንደ ኖሩ፣ ሕግ ስለ ውሻ ባለቤት ምን እንዳለ፣ በሽታው በታሪካችን ያደረሰውን ጉዳት፣ በመጨረሻም ዛሬ ከእያንዳንዳችን የሚፈለገውን እንመለከታለን። የአገራችን ታሪክ በአገራችን አቆጣጠር፣ የውጭው አገር ታሪክ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገረ መሆኑን አድማጮች እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ሰው ካለመዳቸው እንስሳት ሁሉ ውሻ የመጀመሪያው ነው። በሬው ቀንበር ከመሸከሙ፣ ፈረሱም ልጓም ከመጉረሱ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ውሻ ከአዳኙ ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ ነበር። በአገራችን ገጠርም የውሻ ሥራ የታወቀ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ ሲጠጋ የሚያስታውቅ፣ ቀበሮን ከግልገል፣ ዝንጀሮን ከማሳ የሚያርቅ፣ ባለቤቱ ሲተኛ ነቅቶ የሚያድር እሱ ነው። ደመወዙም ከገበታ የተረፈ ፍርፋሪ ነበር። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌ በሰውና በውሻ መካከል ያለውን ይህን ውል በሦስት ቃል የሚገልጽ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ሌላ ግዴታ ነበረበት። ወደ ገጠር ቤት የሚሄድ እንግዳ ገና ከሩቅ ሳለ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» ብሎ ይጣራል። ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ልጅ ከቤት ወጥቶ ውሻውን በስሙ ጠርቶ፣ አንገቱን ይዞ ወይም አስሮ፣ እንግዳውን ያስገባል። እንግዳው ሳይጣራ ቢገባ ነውሩ የእንግዳው ነው፤ ተጣርቶ ሳለ ውሻው ቢነክሰው ግን ነውሩ የባለቤቱ ነው። እንግዲህ በዚህች አጭር ጥሪ ውስጥ አንድ ሙሉ ሥርዓት አለ። ውሻው ኃይለኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ውሻውን የሚይዝ ሰው መኖሩንም ሁሉም ያውቃል። ውሻ ያለ ያዥ አይታሰብም ነበር።

ከተማ ሲመሠረት ግን ውሻው ከሰው ጋር ገባ፤ ጥሪው በገጠር ቀረ። ይህን ለመረዳት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሳሪስ አቦን መመልከት ይበቃል። በዚህ ወገን በፊት ሰፊ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ የቀለበት መንገዱ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም ተከትለው መጡ። በአንድ እርሻ ላይ አንድ ቤት ቆሞ በነበረበት ቦታ ዛሬ በአጥር የተካለሉ ብዙ ቤቶች ተጠጋግተው ይታያሉ። በገጠር ሰፊ ሜዳ ሲጠብቅ የነበረው ውሻ ዛሬ የሚጠብቀው ጥቂት እርምጃ የሚሆን ግቢ ነው፤ ከግቢው በር ውጭ ያለው መንገድ ደግሞ የሕፃናት መጫወቻና የተማሪዎች መተላለፊያ ነው።

በአዳዲስ ሠፈሮች ሁሉ እንደሚታየው፣ ቤት ሲሠራ ሲሚንቶውንና ብረቱን እንዲጠብቁ ውሾች ይመጣሉ። ሥራው ሲያልቅ ግንበኛውና ዘበኛው ይሄዳሉ፤ ውሾቹ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራሉ። የሚያበላቸው ሲያጡ በሥጋ ቤትና በቆሻሻ መጣያ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ይዋለዳሉ፤ ሲመሽም በመንጋ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። ብቻውን ሲሆን ከሰው የሚሸሽ ውሻ በመንጋ ሲሆን ይደፍራል። እነዚህን ውሾች «ባለቤት የሌላቸው» ብለን እንጠራቸዋለን፤ ነገር ግን ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። አብዛኞቹ ወይም እናቶቻቸው አንድ ቀን ባለቤት የነበራቸው፣ ባለቤቱም የተዋቸው ናቸው።

ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጻድቁ ሥዕል ላይ አንበሶችና ነብሮች በግራና በቀኝ ለምደውና ታዘው ቆመው ይታያሉ። አውሬ ከሰው ጋር በሰላም መኖሩ በሥዕሉ የቅድስና ፍሬ ሆኖ ቀርቧል። እኛ ተራ ሰዎች ግን ውሻችን ያለ ትምህርት፣ ያለ ክትባትና ያለ ማሰሪያ እንዲሁ በራሱ ገር ይሆናል ብለን ስንጠብቅ፣ ለጻድቅ የተሰጠውን ጸጋ ያለ ድካም ለራሳችን መመኘታችን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ታሪክ እንለፍ። የውሻ ነገር የዳኛ ጉዳይ የሆነው ትናንት አይደለም። በዛሬይቱ ኢራቅ ምድር ኤሽኑና የምትባል የጥንት ከተማ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፉት ሕግጋትዋ በ1945ና በ1947 በባግዳድ አጠገብ በተደረገ ቁፋሮ በሸክላ ሰሌዳ ላይ ተገኝተዋል። ከእነዚህ ሕግጋት አንዱ በቀጥታ ስለ ተናካሽ ውሻ የሚናገር ነው። የሠፈሩ ሹሞች የውሻውን ክፋት ለባለቤቱ አስታውቀውት ሳለ ባለቤቱ ውሻውን ሳይጠብቅ ቢቀር፣ ውሻውም ሰው ነክሶ ቢገድል፣ ባለቤቱ 40 ሰቅል ብር እንዲከፍል ያዛል። ይህም በዛሬው ሚዛን የኪሎ ሲሶ ያህል የሚመዝን ብር ነው። ለሟች ባሪያ የተወሰነው ግን 15 ሰቅል ብቻ ነበር፤ የዘመኑ አድልዎ በሕጉ ላይ ጥላውን ጥሏል። ቢሆንም ከሦስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመታት በፊት ዳኛው የጠየቀው «ውሻው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ አልነበረም፤ «ባለቤቱ ያውቅ ነበርን? ካወቀስ ምን አደረገ?» ብሎ ነበር።

በኦሪትም የተደነገገው ይህን የመሰለ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ ሲነገር፣ በሬው አስቀድሞ የመዋጋት ልማድ ከሌለው ቅጣቱ በበሬው ላይ ይቀራል። ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ያልጠበቀው እንደ ሆነ ግን ዕዳው ወደ ባለቤቱ ይተላለፋል። በሬው የሚወጋ መሆኑን ያወቀ ሰው ማወቁ ራሱ ግዴታ ሆኖበታል ማለት ነው።

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው፣ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት የተዘጋጀው ይህ ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ከባለቤቱ ቁጥጥር ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱም ይደርሳል ተብሎ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ ኀላፊነቱ አይቀርም። እንግዲህ የጥንቱ ዳኛ «ተነግሮህ ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የእኛ ሕግ ግን ይህን ጥያቄ እንኳ ሳያስቀድም «ውሻው የማን ነው?» ይላል። በዚህም ላይ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ማጥፋትን ይቀጣል። ስለዚህ «አመለጠኝ»፣ «ከዚህ ቀደም ማንንም ነክሶ አያውቅም»፣ «ልጁ ነው የነካካው» የሚሉት ቃላት በጎረቤት ፊት የተለመዱ ማመካኛዎች ቢሆኑም፣ በሕግ ፊት ሚዛን የሚደፉ መስለው ሊታዩን አይገባም።

በብዙ ግቢ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ እናያለን። ማስታወቂያው ለሚያነብ ሰው ይጠቅማል፤ በመለጠፉም የሚነቀፍ ነገር የለውም። ነገር ግን የአራት ዓመት ሕፃን ፊደል አይለይም። ኳሱ በበሩ ሥር ሾልካ የገባችበት ልጅም ኳሱን እንጂ ጽሑፉን አይመለከትም። በገጠር የእንግዳውን ጥሪ ሰምቶ የሚወጣ ሰው ነበረ፤ በከተማ ግን በሰውየው ቦታ ቆርቆሮ ሰቅለናል። ቆርቆሮ ደግሞ ውሻ አይዝም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥርሱ ነው። በጥርሱ ላይ ስላለው መርዝ ደግሞ እንናገር። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን የቆየ መቅሠፍት ነው። በታሪክ ከተመዘገቡት ታላላቅ ወረርሽኞች አንዱ በ1876 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ የተነሣው ነው። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ገና ብዙ ሳይቆይ፣ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በሽታው በከተማዋ በብርቱ ተነሣ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ከሥር ማሹና ከቅጠል በጣሹ መድኃኒት፣ እንዲሁም ከጸበል በቀር የሚሸሽበት ቦታ አልነበረውም።

የሚያስደንቀው ግን የበሽታው መከላከያ በሌላው የዓለም ክፍል በዚያው ዘመን መገኘቱ ነው። ያ የአራቱ ጠቅላይ ግዛቶች ወረርሽኝ በሆነ በዓመቱ ግድም፣ በሐምሌ 1885፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአልዛስ ተነሥቶ ወደ ፓሪስ መጣ። በእብድ ውሻ በብዙ ቦታ ተነክሶ ነበር። እናቱ ይዛው የመጣችው ሉዊ ፓስተር ወደሚባለው ሊቅ ዘንድ ነው። ፓስተር በሰው ላይ ገና ያልተሞከረ ክትባቱን በዚህ ልጅ ላይ በተከታታይ ቀናት አስወጋው፤ ልጁም ዳነ። የእብድ ውሻ ክትባት ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ በአንድ የተነከሰ ሕፃንና በአንዲት ቶሎ በደረሰች እናት ነው።

በአገራችንም በ1940ዎቹ ዓ.ም. በፓስተር ስም የተጠራ ተቋም በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ይህ ተቋም ከጊዜ ወደ ጊዜ ስሙንና ቅርጹን ሲለውጥ ኖሮ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ለብዙ አሥርተ ዓመታት በዚህ ቤት የተሠራው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የተነከሰው ሰው በሆዱ ላይ ለ14 ቀናት በየቀኑ ይወጋ ነበር። አረጋውያን የሠፈር ሰዎች «ውሻ የነከሰው አሥራ አራት መርፌ» ሲሉ ሕፃናትን የሚያስፈራሩት ከዚሁ የተነሣ ነው። ዛሬ በዓለም የሚመረጠው አዲሱ ክትባት በክንድ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከመርፌው በኋላም ቀርቶ ሰውን ከጤና ጣቢያ ሲያርቅ ይታያል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚደርሱ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። ወደ ሰው የሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶ ድረስ ከውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በአገራችን በየዓመቱ የሚሞቱት 2,700 ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ነው። ሞት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ይህን ያህል ጊዜ ለቤተሰቡ ተሰጥቶ ሳለ፣ ያ ጊዜ በዝምታ ያልፋል።

ይህ ዝምታ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከልጁ ፍርሃት ነው። «ከውሻ ጋር አትጫወት» ተብሎ የተከለከለ ልጅ በተነከሰ ጊዜ ቁስሉን በሱሪው ይሸፍናል። አባቱ እንዳይገርፈው፣ እናቱም እንዳትቈጣው ይፈራል። ወላጅ በቁጣው ልጁን ከውሻ ያስጣለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ልጁን ከሐኪም ማስጣሉን አላወቀም። በቤታችን ውስጥ «ውሻ ቢነክስህ፣ ቢቧጭርህም፣ ወዲያው ንገረኝ፤ አልቈጣህም» የሚል አንድ ቃል ጸንቶ ቢነገር ብዙ ሕይወት ያድናል።

በሽታ የሌለበት ውሻስ? እሱም ቢሆን በጥርሱ ብቻ ሊገድል ይችላል። በአሜሪካ አገር ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ውሾች ሰው የገደሉባቸውን 256 አደጋዎች ሊቃውንት አንድ በአንድ መርምረው ነበር። የተገኘውም ውጤት ለእኛም ትምህርት የሚሆን ነው። ከአደጋዎቹ 87 በመቶ በሚሆኑት ጣልቃ ገብቶ የሚያስጥል አቅም ያለው ሰው በአጠገቡ አልነበረም። 76 በመቶ በሚሆኑት ውሾቹ ከሰው ተለይተው፣ ታስረው ወይም በግቢ ተዘግተው የሚኖሩ እንጂ ከቤተሰብ ጋር የለመዱ አልነበሩም። 84 በመቶ በሚሆኑት ውሾቹ አልተኰላሹም ነበር። የውሻውን ዘር በተመለከተ ግን ከአምስቱ አደጋ በአራቱ ዘሩን በእርግጥ ለይቶ ማወቅ እንኳ አልተቻለም። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል፣ ሰውን በዱላና በድንጋይ ብቻ የሚያውቅ፣ ሌሊት ደግሞ የሚለቀቅ ውሻ እንዴት ያለ ጠባይ እንደሚያወጣ ከዚህ መገመት አያዳግትም። «ውሻ እንዲከፋ ይታሰር» የሚለው የቆየ ልማዳችን የሚሠራው ጠባቂ ሳይሆን ወዳጅና ጠላት የማይለይ ፍጡር ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደ ተመለከቱት ማወቅም ይጠቅማል። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ውሻ ሁሉ በመንገድ ላይ አፉን ታስሮ እንዲሄድ፣ ከውጭ የሚመጣውም ውሻ ተለይቶ እንዲቆይ በብርቱ አዘዙ። በ1902 በሽታው ከአገራቸው ጠፋ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከውጭ በገቡ ውሾች ምክንያት ቢመለስም በ1922 እንደ ገና አጠፉት። ይህ ድል የተገኘው መድኃኒት በማብዛት ሳይሆን ባለቤቶችን ሥርዓት በማስያዝ ነው። እነዚሁ እንግሊዞች በ1991 ግን ልጆች የተጎዱባቸው አደጋዎች ሕዝቡን ባስቈጡ ጊዜ አደገኛ ያሏቸውን የውሻ ዘሮች በስም ጠርተው ከለከሉ። አደጋው ግን አልቆመም፤ ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም፣ በ2023 መጨረሻ፣ ሌላ ዘር በመከልከያው መዝገብ ላይ መጨመር አስፈለጋቸው። ባለቤት ሥርዓት በያዘ ጊዜ ያገኙትን ያህል ውጤት የውሻን ዘር በመኰነን አላገኙም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሜክሲኮ ናት። ሜክሲኮ በየዓመቱ በአገር አቀፍ ዘመቻ ውሾችን በነጻ ስትከትብ ቆይታ፣ በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ በማጥፋት በዓለም ጤና ድርጅት የተመሰከረላት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ሊቃውንት እንደሚሉት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ የሚሆኑት ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ከአሥር ውሾች ሰባቱን መከተብ ለአንድ ቀበሌ የማይደረስበት ተራራ አይደለም።

በእኛ ከተማ ግን ለብዙ ጊዜ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነበር። ውሾች በበዙና ሕዝብ ባማረረ ቁጥር ሌሊት መርዝ ይበተናል፤ ሲነጋም ሬሳ ይለቀማል። ሠፈሩ ለጥቂት ሳምንታት ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ቆሻሻው እንዳለ፣ ቡችላ የሚጥለውም ሰው እንዳለ ስለሚቀር፣ ባዶ የሆነውን ቦታ ከሌላ ወገን የመጡ፣ ያልተከተቡ ውሾች ይይዙታል። በመርዙ ከሞቱት መካከልም የተከተበ የሰው ውሻ ሊኖርበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በግድያ ብቻ በሽታውን መግታት እንደማይቻል ደጋግሞ አስታውቋል። ይህም ቢሆን ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ጩኸት ነው።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ እንግዲህ ኀላፊነት ያለው የውሻ ባለቤት ማን ነው? ነገሩን በአጭሩ እንዘርዝረው።

አንደኛ፣ ውሻውን በየዓመቱ የሚያስከትብና የክትባቱን ወረቀት እንደ ሌላ ሰነድ ሁሉ በሥርዓት የሚያስቀምጥ ነው። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የመብራትና የውሃ ሒሳቡን ቀን ጠብቆ እንደሚከፍል ሁሉ ይህንም ቀን መርሳት አይገባውም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ፓስተር ባረፈበት ዕለት የሚታሰብ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል በዓል ማግሥት ላይ ይውላል። ከመስቀል ማግሥት የሚበልጥ ማስታወሻ የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለንም።

ሁለተኛ፣ አጥሩና በሩ ውሻ የማያሾልክ መሆኑን የሚመለከት፣ ውሻውን ከግቢ ሲያወጣም በማሰሪያ ይዞ የሚያወጣ ነው። ማለዳ መኪና ሊወጣ በሩ ሲከፈትና ማታ ሲመለስ ሲከፈት ውሻ በቀላሉ የሚያመልጥበት ሰዓት ነው፤ ተማሪዎችም በዚያው ሰዓት በመንገድ ላይ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ሕፃንን ከውሻ ጋር ብቻውን የማይተው ነው። እኛ ወደ መሥሪያ ቤት ስንሄድ በግቢው የሚቀሩት ልጆች፣ የቤት ሠራተኛዋና ውሻው ናቸው። ሠራተኛዋ የውሻውን ጠባይ እንድታውቅ፣ ውሻውም እሷን እንዲለምድ አስቀድሞ ካልተደረገ፣ በክፉ ቀን የሚያስጥል ሰው አይኖርም። «ቡቺ እኮ ልጆቹን ይወዳል» ማለት ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቡቺ ሲበላ፣ ሲታመም፣ ወይም ሴት ሆና ቡችሎች ስታጠባ ያው ቡቺ አይደለም።

አራተኛ፣ የማያሳድገውን ቡችላ በካርቶን አድርጎ በወንዝ ዳር ወይም በቆሻሻ መጣያ የማይጥል ነው። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዶ ማስኰላሸት ከዚያ ሁሉ ኀጢአት ይሻላል። ግቢ ለቆ ሲሄድም ውሻውን እንደ አሮጌ ዕቃ ለሠፈሩ ትቶ አይሄድም።

አምስተኛ፣ ውሻው ሰው በነከሰ ጊዜ የማይደብቅ ነው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ጸበሉም ቢሆን ሐኪሙን አይከለክልም፤ ሐኪሙም ጸበሉን አይከለክልም፤ የሚከለከለው መዘግየት ነው። ውሻውን ደግሞ በቁጣ ገድሎ መጣል አይገባም፤ በጥንቃቄ ታስሮ ለ10 ቀን ሊታይ ይገባዋል። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። «ውሻዬ አይደለም» ብሎ የሚክድ ባለቤት ለተነከሰው ልጅ ወላጆች ይህን ታላቅ ማስረጃ ይነፍጋቸዋል።

ለልጆቻችንም የምናስተምረው ጥቂት ነገር አለ። የሚበላ፣ የተኛ ወይም ቡችላ ያቀፈ ውሻ እንዳይነኩ፤ የታሰረ ውሻ በድንጋይ እንዳይተነኵሱ፤ ውሻ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ፣ ይልቁንም እጃቸውን ሰብስበው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ፣ ከወደቁም ፊታቸውንና አንገታቸውን እንዲሸፍኑ እንንገራቸው። ትንሽ ልጅ ቁመቱ ከውሻው አፍ ጋር ስለሚተካከል ንክሻው ፊቱንና አንገቱን ያገኛል፤ የልጆች አደጋ ከአዋቂዎች የሚከፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ብናስተምርም ሸክሙን በልጁ ትከሻ ላይ አንጣል። ልጅ ልጅ ነው፤ ይረሳል፤ ይሮጣል። የማይረሳው ባለቤቱ መሆን አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እስከ 2030 ድረስ ከውሻ በሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ አንድም ሰው እንዳይሞት ዕቅድ አውጥተዋል። ዕቅዱ በጄኔቫ ይጻፍ እንጂ የሚፈጸመው በሳሪስ አቦና ሳሪስ አቦን በመሳሰሉ ሠፈሮች፣ በእያንዳንዱ ግቢ በር ላይ ነው። መንግሥት ክትባት ሊያቀርብ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ቆሻሻ ሊያነሣና ውሾችን ሊመዘግብ ይገባዋል፤ ሆኖም የውሻውን አንገት በእጁ የሚይዘው ባለቤቱ ብቻ ነው።

አያቶቻችን ከሩቅ ቆመው «ውሻ ያዙልን!» ሲሉ አንድ ሰው ሰምቶ እንደሚወጣ ያምኑ ነበር። ዛሬ በየመንገዱ የሚያልፈው ሕፃን አይጣራም፤ መጣራት እንዳለበትም አያውቅም። እኛ ግን እንደተጣራ ቈጥረን አስቀድመን እንውጣለት፤ ውሻችንንም እንያዝለት።